የመኖሪያ ግቢ የመኪና መግቢያ ንጣፍ አመራረጥ

የመኪና መግቢያ ከአጥር በር እስከ መኪና ማቆሚያው የሚዘረጋው፣ የጎማ ክብደት በየቀኑ የሚያርፍበት የግቢ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ለዚህ ቦታ የሚመረጡት ንጣፎች ኮብልስቶን፣ የሲሚንቶ ኢንተርሎክ፣ ኮንክሪትና ጠጠር ናቸው፤ አልፎ አልፎ አስፋልትም ይጠየቃል። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከላይ ከሚታየው ነው፤ ከቀለሙ፣ ጎረቤት ካነጠፈው ወይም ከካሬ ዋጋው። ንጣፍ የሚበላሸው ግን ከሥሩ ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ጎማ በረገጠው መስመር የሰረገ ኮብልስቶን ወይም ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ ኮንክሪት ሲታይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የድንጋዩ ወይም የሲሚንቶው አይደለም። አፈሩ ሳይታይ፣ ውኃው መውጫ ሳይበጅለት ተነጥፏል። ስለዚህ ትክክለኛው አመራረጥ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ውኃው፣ ከዚያ የሚያርፈው ክብደት ይታያል፤ ንጣፉ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው።

ሌላም ከመጀመሪያው መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ግቢ የመኪና መንገድ ብቻ አይደለም። በርበሬ ይሰጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ለበዓል በግ ይታረድበታል፣ ለሠርግም ለኀዘንም ድንኳን ይጣልበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት በምርኩዝ የሚሄዱበት ግቢ ከሆነ ደግሞ የንጣፉ ልስላሴና አለማንሸራተቱ ከመልኩ በፊት ይመጣል።

ስሌቶቹን ለማቅለል በዚህ ጽሑፍ እንደ ምሳሌ የሚወሰደው 4 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 60 ካሬ ሜትር የሆነ መግቢያ ነው።

አፈሩን ማወቅ

ማንንም ዋጋ ከመጠየቅ በፊት በመግቢያው መስመር ላይ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ሥራው ለአንድ የቀን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የጠቅላላው ወጪ ግምት ግን የሚነሣው ከዚህ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ጥቁር አፈር ወይም ሙሌት።

ቀይ አፈር በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች በብዛት ይገኛል። ሸክላማ ቢሆንም በደንብ ከተጠቀጠቀ ክብደት ይችላል፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁም ያን ያህል አያብጥም፣ አይኮማተርም። ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው፣ በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ፣ በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ አካባቢ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። የዚህ አፈር ቅንጣቶች በመካከላቸው ውኃ ስለሚያስገቡ ክረምት ላይ ያብጣል፤ በጋ ላይ ውኃውን ሲለቅ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እንቅስቃሴው የቤት ግድግዳ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል፤ ቀጭን ኮንክሪትማ ጨርሶ አይመክተውም። ሙሌት የሚባለው ከፍርስራሽ፣ ከቆሻሻና ከተደፋ አፈር የተደባለቀው ነው። ከሁሉም የማይታመነው እርሱ ነው፤ የሚሰርግበት ቦታና ጊዜ አይታወቅምና።

በቀለም ብቻ መፍረድ ስለሚያሳስት አፈሩ በእጅ ይፈተናል። ጥቂት አፈር በውኃ ይለወስና በመዳፎች መካከል እንደ ክር ይጠቀለላል። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ድረስ ሳይበጣጠስ ከተጠቀለለ ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው፤ ቶሎ ከተፈረፈረ አሸዋማነት አለው። በበጋ የሚቆፍር ሰው ሌላ ምስክር አለው፤ ያልተነጠፈው የግቢው ክፍል ወይም አጠገቡ ያለው ክፍት ቦታ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

አፈሩ ደህና ከሆነ ሣርና ሥር ያለበት የላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ይነሣና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይገባበታል። ጥቁር አፈር ከሆነ ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ለ60 ካሬ ሜትር 50 ሳንቲ ሜትር ሲቆፈር የሚወጣው 30 ሜትር ኩብ ነው፤ አፈር ሲቆፈር ላልቶ በሩብ ያህል ስለሚጨምር 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። ብዙ ባለቤቶች ገንዘብ ለመቆጠብ የሚዘሉት ይህንኑ ደረጃ ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ንጣፉን አንሥቶ እንደገና መሥራት ግን ቁፋሮውንም ንጣፉንም ሁለቴ መክፈል ነው። አቅም ከጠበበ የሚቀነሰው የንጣፉ ስፋት ይሁን እንጂ የሥሩ ጥልቀት አይሁን።

ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ከላይ ብቻ አይጠቀጠቅም። ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት እየተደለደለ፣ ውኃ እየተረጨ፣ እያንዳንዱ ድርብርብ ለብቻው በኮምፓክተር ይመታል። የውኃው መጠን የሚለካው በጭብጥ ነው፤ ገረጋንቲው ታፍኖ ሲለቀቅ ቅርጹን የሚይዝ፣ እጅ ግን የማያረጥብ መሆን አለበት። ሥራው ሲያልቅ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእጅ ኃይል ሲወጋ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ከሆነ ጥቅጠቃው አልበቃም። ይህን ፍተሻ ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ ማድረግም አለበት። ንጣፉ ከለበሰ በኋላ ሥሩን የሚያይ የለም።

ውኃው የት ይሄዳል?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ትልቁ ድርሻ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 3,000 ሊትር፣ 60 ካሬ ሜትር መግቢያ ደግሞ 1,800 ሊትር ያወርዳሉ። ያልተነጠፈ ግቢ ከዚህ ውኃ ብዙውን ይጠጣል፤ የተነጠፈው ግን ይመልሰዋል። መሄጃው ንጣፉ ሳይመረጥ ካልተወሰነ ውኃው ወደ ቤቱ መሠረት፣ ወደ ጎረቤት አጥር ወይም ወደ ንጣፉ ሥር ይገባል።

የንጣፉ ዝቅታ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ፊቱ ከቤቱ ይርቃል። 4 ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው 8 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው፤ ለዓይን አይታወቅም፣ ለውኃ ግን ይበቃል። የንጣፉ የመጨረሻ ከፍታ ከበረንዳው ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የአጥሩ በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የብረቱ የታችኛው ጠርዝ ንጣፉን እንዳይጭር ከፍታው ከበሩም ጋር ይመዛዘናል። እነዚህ ሁሉ በላስቲክ ውኃ ልክና በሲባጎ ተለክተው በግድግዳና በካስማ ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ቁፋሮ ሳይጀመር ነው።

መንገዱ ከቤቱ ከፍ ያለበት ግቢ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ የመንገድ ውኃ ጭምር በበሩ ስለሚገባ አንድ በፍርግርግ የተከደነ የውኃ ቦይ በሩ ላይ፣ ሌላው ከበረንዳው በፊት በአግድም ይሠራል። የዝናብ ውኃን ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር ማገናኘት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጉድጓዱ በአንድ ክረምት ሞልቶ ወደ ግቢ ይመለሳል። የጣሪያው አሸንዳ የሚያወርደው ውኃም በንጣፉ ላይ ከሚለቀቅ ይልቅ በቱቦ ወደ መውጫው ወይም ወደ ማጠራቀሚያ በርሜል ቢገባ ይሻላል።

በዚሁ ደረጃ ከመሬት በታች ያለውም ይመዘገባል። የውኃ መስመሩ በየት ያልፋል? የፍሳሽ ቱቦውስ? ፖዞዎቹ የት ናቸው? አሮጌ የብረት የውኃ ቱቦ ካለ ከንጣፉ በፊት መቀየር አለበት። አንድ ወይም ሁለት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በመግቢያው ሥር በአግድም ባዶውን ተቀብሮ ጫፉ ቢታሸግ፣ ወደፊት የመብራት ገመድ ወይም የአትክልት ውኃ ለማሳለፍ ንጣፉ አይነካም። ወጪው ትንሽ ነው፤ ያላደረገው ሁሉ ይጸጸትበታል።

ክብደትና አቀበት

የቤት አውቶሞቢል ከአንድ እስከ አንድ ቶን ተኩል ቢመዝን ነው። ንጣፉን የሚሰብረው ግን እርሱ አይደለም። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር የሚጠራው ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ የውኃው ክብደት ብቻ 10 ቶን ነው፤ ሽንት ቤት የሚመጥጠው መኪናም ከዚህ አይተናነስም። እነዚህ መኪኖች ወደ ግቢው የሚገቡ ከሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ንጣፉ ለእነርሱ ይታሰባል። ቱቦ ዘርግተው ከበር ውጭ መሥራት የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ወጪው ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ አደገኛው የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን ነው። ለሰው እንጂ ለጎማ ያልተሠራ ክዳን በንጣፍ ተሸፍኖ መኪና ሲያልፍበት ሊደረመስ ይችላል። ጉድጓዱ በመግቢያው መስመር ላይ ከሆነ ክዳኑ በመሐንዲስ ተሰልቶ እንደገና ይሠራል፤ ወይም መስመሩ ይዛወራል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

የመግቢያው አቀበት የሚታወቀው የሁለቱን ጫፎች የከፍታ ልዩነት ለርዝመቱ በማካፈል ነው። በ5 ሜትር ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ መግቢያ 12 በመቶ አቀበት አለው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው መኪና በምቾት ይወጣል። ከ15 በመቶ ሲያልፍ ዝቅ ያሉ መኪኖች በመነሻውና በመድረሻው ላይ ሆዳቸውን ስለሚመቱ ጫፎቹ ቀስ ብለው እንዲነሡ ይደረጋል። አቀበት በበዛ ቁጥር የንጣፉ ፊት ሸካራ መሆን አለበት፤ ልቅ ጠጠር ግን ከ8 በመቶ በላይ በሆነ አቀበት ላይ አይረጋም።

ንጣፎቹ

ኮብልስቶን በኢትዮጵያ ከተሞች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተስፋፋ ሥራ ነው፤ ድሬዳዋ ከቀደሙት ከተሞች አንዷ ናት። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በጠረባና በንጣፍ ሠልጥነውበታል፤ ስለዚህ ዛሬም ጥሩ እጅ ያለው አንጣፊ ማግኘት ከሌሎቹ ንጣፎች ይልቅ ይቀላል። ድንጋዩ በአማካይ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በመካከሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ሲተው ለአንድ ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 90 ድንጋይ ይገባል፤ ለምሳሌው መግቢያ 5,000 ያህል።

በግዢ ጊዜ ድንጋዩ በመዶሻ ይመታል። ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታፈነ ድምፅ የመበስበስ ወይም የውስጥ ስንጥቅ ምልክት ነው። በምስማር ሲጫር ዱቄት የሚያወጣ ድንጋይም ከጎማ ሥር አይቆይም። ከድንጋዩ ዓይነት እኩል መታየት ያለበት ቅርጹ ነው። ላዩ ካሬ ሆኖ ሥሩ እንደ ጥርስ የሾለ ድንጋይ አሸዋው ላይ ስለማይቀመጥ ጎማ ባረፈበት ቁጥር ይወዛወዛል፤ እንዲህ ያለው ከክምሩ ተለይቶ መመለስ አለበት። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ክምሩን አንድ በአንድ የሚያይ ባለቤት ጥቂት ነው፤ የሾለው ድንጋይ በብዛት የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ኮብልስቶን በ5 ሳንቲ ሜትር ሸካራ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፤ ዳሩ በኮንክሪት በተደገፈ ከርብ ይታሰራል። ከርብ የሌለው ኮብልስቶን ጎማ ወደ ጎን ሲገፋው ይበተናል። ክፍተቶቹ በአሸዋ ተሞልተው፣ ውኃ ተረጭቶ፣ በኮምፓክተር ተመትቶ እንደገና ይሞላሉ። በብዙ ግቢዎች ክፍተቱን በሲሚንቶ ቡኬት መሙላት ተለምዷል፤ ንጹሕ መስሎ ስለሚታይና አረም ስለማያበቅል ነው። ይህ ግን የድንጋዩን ዋና ጥቅም ይገድላል። ሥሩ በትንሹ የሚንቀሳቀስ ንጣፍ ላይ ቡኬቱ ይሰነጠቃል፣ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፤ ቱቦ ሲፈነዳም ድንጋዩን ሳይሰብሩ ማንሣት ያስቸግራል። በአሸዋ የተሞላው ግን በአንድ ዲጅኖ ተነሥቶ፣ ቱቦው ተጠግኖ፣ ያው ድንጋይ በቦታው ይመለሳል። የውኃና የፍሳሽ መስመር ብዙ ጊዜ በሚቆፈርበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ፊቱ ሻካራ መሆኑ ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለምርኩዝ አይመችም። መኪና የማይደርስበት አንድ ሜትር ያህል ዳር በለስላሳ ንጣፍ ቢሠራ ችግሩ ይቃለላል።

የሲሚንቶ ኢንተርሎክ የኮብልስቶንን መነሣትና መመለስ ከለስላሳ ፊት ጋር ያጣምራል። ለእግረኛ የሚሠራው 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቀላል መኪና ቢችልም ለመኪና መግቢያ 8 ሳንቲ ሜትር ይመረጣል፤ ቦቴ የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ግዴታ ነው። የጥራቱ ዋና መለኪያ ክብደት ነው። 10 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ባለ 8 ሳንቲ ሜትር ኢንተርሎክ በደንብ የተጨመቀ ከሆነ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ባለ 6ቱ ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ። በጉልህ የሚቀልለው ውስጡ ባዶ ባዶ ነው፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጠርዙ ቶሎ ይሸረፋል። ከአቅራቢው አንድ ናሙና ተቀብሎ በሱቅ ሚዛን መመዘን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላ ናሙና ተሰብሮ ውስጡ ይታያል፤ ቀለሙ ከላይ በስሱ ብቻ የተቀባ ከሆነ ጎማ በሚረግጠው መስመር ቀድሞ ይጠፋል። ግራጫው ቀለም ያልገባበት ኢንተርሎክ ከሁሉም ሳይለወጥ ይኖራል።

አደራደሩም የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቀጥታ ረድፍ የተደረደረ ኢንተርሎክ መኪና ፍሬን ሲይዝና ሲታጠፍ በመስመሩ ይንሸራተታል። አንዱ በሌላው ላይ በ90 ዲግሪ እየተቆላለፈ የሚሄደው አደራደር ግፊቱን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ለመኪና የሚመረጠው እርሱ ነው። የሚተኛበት አሸዋ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ወፍራም አሸዋ የሥሩን ጉድለት መሸፈኛ ነውና መጠርጠር ይገባል።

ኮንክሪት ንጹሕ፣ ለመጥረግና ለማጠብ የሚመች፣ እህልና በርበሬ ለማስጣት የተሻለ ፊት አለው። በጥሩ ሥር ላይ ለቤት መኪና 10፣ ለቦቴ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጠዋል። በጥቁር አፈር ላይ ግን አፈሩ ካልተቀየረ ኮንክሪት ማፍሰስ ገንዘብ መቅበር ነው። ለምሳሌው መግቢያ በ10 ሳንቲ ሜትር 6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ቢታሰብ 21 ኩንታል ይሆናል።

ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሰንጠቁም አይቀርም፤ የሙያው ጥበብ የት እንደሚሰነጠቅ መወሰን ነው። ስለዚህ በፈሰሰ በአንድ ቀን ውስጥ ፊቱ በመቁረጫ የውፍረቱን ሩብ ያህል ተቆርጦ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት መስመሩ ከ3 ሜትር መራቅ የለበትም። የምሳሌው መግቢያ በመሃሉ በርዝመት አንድ ጊዜ፣ በየ2.5 ሜትሩ ደግሞ በስፋት ሲቆረጥ 12 ክፍሎች ይሆናል። በቤቱ ግድግዳና በኮንክሪቱ መካከልም አንድ ሳንቲ ሜትር የስታይሮፎም ክፍተት ይተዋል። ፌሮ፣ ለምሳሌ ባለ 8 ሚሊ ሜትር በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፣ ስንጥቅን አያስቀርም፤ ተሰንጥቆ እንዳይለያይ ግን ይይዛል። ይህን የሚሠራው ከመሬት ተነሥቶ በኮንክሪቱ ውስጥ ከተቀመጠ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ የተፈሰሰበት ፌሮ ምንም አይሠራም።

ሠራተኞች ለማፍሰስ እንዲቀልላቸው ውኃ ይጨምራሉ፤ የጨመሩት ውኃ ሁሉ ጥንካሬውን ይቀንሳል። አሸዋው በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ በውኃ ተበጥብጦ አንድ ቀን ሲያድር ከላይ የሚጋገረው ጭቃ ወፍራም ከሆነ መታጠብ አለበት። ከተፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ይጠጣል፤ በገበያ በብዛት የሚገኘው ፒፒሲ ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር እስከ 14 ቀን ማራዘም ይሻላል። ጠዋት አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ውኃ ማጠጣት አይባልም፤ በበጋ ፀሐይ ከሁለት ሰዓት በላይ እርጥብ አይቆይም። አውቶሞቢል ከ10 ቀን፣ ቦቴ ከ28 ቀን በፊት አይገባበትም። ፊቱ በሊሾ መልክ መስታወት እንዲመስል አይለሰንም፤ ገና ሳይጠና በመጥረጊያ በአግድም ይጫራል።

ጠጠር ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ውኃውንም ወደ መሬት ያሳልፋል። በገበያ 02 የሚባለው ጠጠር በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይበተናል፤ ከዚያ ከወፈረ ጎማ ይሰምጥበታል። ዳሩ መታሰር አለበት፣ በየጊዜውም ይሞላል። ዋና ጥቅሙ ግን ጊዜያዊነቱ ነው። ቤት እየተሠራ ከሆነና ገና አሸዋና ብረት የሚያመጡ መኪኖች የሚመላለሱበት ግቢ ከሆነ ሥሩ በሚገባ ተሠርቶ ለአንድ ወይም ለሁለት ክረምት ጠጠር ቢለብስ ይመረጣል። የሚሰርገው ይሰርጋል፣ የውኃው መሄጃ በዓይን ይታያል፣ ገንዘብም ይጠራቀማል፤ ዘላቂው ንጣፍ በተፈተነ ሥር ላይ ይነጠፋል።

አስፋልት ለመኖሪያ ግቢ አይመከርም። 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይዞ ከፋብሪካ መድረስና ሳይቀዘቅዝ በሮለር መደምደም አለበት። 60 ካሬ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የሚፈልገው 7 ቶን ያህል ብቻ ስለሆነ ለዚህ መጠን ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሥራ ተቋራጭ ማግኘት ይከብዳል። የሚንጠባጠብ ዘይትና ነዳጅ ያሟሟዋል፤ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞችም ይለሰልሳል፣ ግቢውንም ያግላል።

የአምቦ ድንጋይ ለግድግዳ ውብ ነው፤ ለጎማ ግን ለስላሳ ነው። እብነ በረድና የሴራሚክ ታይልስ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ፣ ከክብደት በታችም ይሰበራሉ።

የቱ ለየትኛው ግቢ?

አፈሩ ጥቁር ከሆነ ወይም የቱቦው ሁኔታ ካልታወቀ ተነሥቶ የሚመለስ ንጣፍ፣ ማለትም ኮብልስቶን ወይም ኢንተርሎክ፣ ይመረጣል። አፈሩ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ይከተለዋል እንጂ አይሰነጠቅም፤ የሰረገውም ቦታ በግማሽ ቀን ይስተካከላል። ከሁለቱ መካከል አረጋውያንና ትናንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ኢንተርሎክ፣ ከባድ መኪና ለሚገባበትና አቀበት ላለው ኮብልስቶን ይሻላል። ኮንክሪት የሚመረጠው ሥሩ ጽኑ ሲሆን፣ የመሬት ውስጥ መስመሮቹ አዲስ ሲሆኑና ግቢው በየቀኑ የሚታጠብ ሲሆን ነው። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ግቢ ከሦስቱ አስተማማኙ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ጠንካራ ኮብልስቶን ነው።

በጀቱ ለሙሉው ስፋት ካልበቃ ሁለት የጎማ መሄጃ መስመሮች ብቻ ይነጠፋሉ። እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት መሃል ለመሃል 1.5 ሜትር ያህል ሲራራቅ ለአብዛኛው የቤት መኪና ይስማማል። በመካከሉ ሣር ወይም ጠጠር ይገባል። ለ15 ሜትር የሚነጠፈው 18 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ የተረፈው ገንዘብ ለሥሩ ይውላል።

ዋጋና ውል

በካሬ አንድ ዋጋ የሚሰጥ ባለሙያ ምን ምን እንደጨመረ አይታወቅም። ስለዚህ ዋጋው ተከፋፍሎ ይጠየቃል፤ ቁፋሮና አፈር ማስወጣት፣ ገረጋንቲና ጥቅጠቃ፣ አሸዋ፣ ንጣፉ ራሱ፣ ከርብ፣ የውኃ ቦይ፣ የእጅ ዋጋ። ከሦስት ሰዎች በዚህ መልክ የመጣ ዋጋ ሲነጻጸር ርካሹ ለምን እንደረከሰ ወዲያው ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ጥቅጠቃውን ወይም ከርቡን ትቶት ነው። ለምሳሌው መግቢያ በ20 ሳንቲ ሜትር 12 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይገባል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 15 ሜትር ኩብ ይታዘዛል። አሸዋው ለኮብልስቶን 3 ሜትር ኩብ፣ ከርቡ ዙሪያውን 38 ሜትር፣ ኢንተርሎክ ከሆነ በ10 በ20 ልክ 3,000 ፍሬ ነው፤ ለስብራትና ለቁራጭ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ጥቂት ፍሬ ለወደፊት ጥገና ተለይቶ ይቀመጣል፤ ያው ቀለምና ልክ ከዓመታት በኋላ ላይገኝ ይችላል።

ሥራው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይከናወናል። በውሉ ላይ የንጣፉና የሥሩ ውፍረት በሳንቲ ሜትር ይጻፋል፤ ክፍያውም በደረጃ ይከፈላል፣ ጥቅጠቃው ሳይፈተሽ የንጣፉ ሥራ አይጀመርም። የክፍያው አንድ አሥረኛ ደግሞ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ዝናቡ ባባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግቢው ይዞራል፤ ውኃ ያቆረበት ቦታ ሁሉ በኖራ ይከበባል፣ አንጣፊው ተጠርቶ ያን ቦታ አንሥቶ ካስተካከለ በኋላ ቀሪውን ይቀበላል።